ትርፉ ለማን? ስለ ወሰን ለውጥና ስለ ሕዝብ መሬት

በቋንቋችን «ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ፣ የተረፈ ማለት ነው። ሁለተኛው ነጋዴው ከሸጠ በኋላ በእጁ የሚቀረው ጥቅም ነው። የመሬትን ጥያቄ ለሚመረምር ሰው ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ ተጎራብተው መኖራቸው ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። አንድ የሕዝብ ቦታ በመጀመሪያው ፍቺ «ትርፍ ነው» ተብሎ በተመዘገበ ቁጥር፣ በሁለተኛው ፍቺ ትርፉ ለማን እንደሚገባ መጠየቅ የነዋሪውና የሠራተኛው መብትም ግዴታም ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ትርፍ የተባለው ምን እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ ወገኖቻችን አይዘነጉትም። መለኪያው የአንድ ቤተሰብ ፍላጎት ነበር። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ትርፍ አልነበረም፤ ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታም እስከ 500 ካሬ ሜትር ድረስ ተፈቅዶ ነበር። ከዚያ ያለፈው ግን ትርፍ ተባለ። ዝቅተኛ ኪራይ የነበራቸው ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እጅ ገቡ። አዋጁ በተግባር ሲተረጎም ጉድለት አልነበረበትም ለማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ጠጋኝ አጥተው እላያችን ላይ አርጅተዋል። ይሁን እንጂ የቃሉ አቅጣጫ ግልጽ ነበር፤ ትርፍ የተባለው ነገር ከግለሰብ ወደ ሕዝብ ይሄድ ነበር።

ዛሬ ግን ቃሉ ፊቱን አዙሯል። አሁን «ትርፍ» የሚባለው የሕዝቡ ይዞታ ነው፤ የሚሄደውም ከሕዝብ ወደ ግለሰብ ነው። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

በሕግ ደረጃ መሬት አይሸጥም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑንና የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ቦታ በጨረታና በምደባ እንዲተላለፍ፣ ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን 99 ዓመት እንዲሆን ወሰነ። አንድ ሰው በሕይወት ከሚኖርበት ዘመን የሚረዝም ሊዝ ከሽያጭ የሚለየው ከሞላ ጎደል በስሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሊዝ በራሱ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም፤ ከተማ መንገድና ውኃ የሚዘረጋበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። ጥያቄው ሌላ ነው።

የብዙዎቻችን ዓይን የሚያርፈው በጨረታው ላይ ነው። ማን አሸነፈ? በካሬ ሜትር ስንት ሰጠ? ሳጥኑ በግልጽ ተከፈተ ወይስ በስውር? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዘግይተው የሚነሡ ናቸው። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ቦታው «ትርፍ» ተብሎ መመዝገብ አለበት። ትርፍ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ በካርታ ላይ የሚሰመር አንድ መስመር ነው። ወሰን መለወጥ የቢሮ ሥራ፣ የቀያሾችና የካርታ አንሺዎች ጉዳይ መስሎ ይታያል። በተጨባጭ ግን የሕዝብ ይዞታ ወደ ገበያ የሚወጣበት በር ይኸው ነው።

በሩ የሚከፈተው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው ከተማው ወደ ገጠር ሲሰፋ ነው። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ መስመሩ ሲያልፈው በአንድ ሌሊት የከተማ ቦታ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት በቋሚነት ለሚፈናቀል ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ፣ በቀደሙት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይታሰብ ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተተክቷል። ነገር ግን የነገሩ መሠረት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከገበሬው ሲወሰድ በእህል የተመዘነ መሬት፣ ለገንቢው ሲተላለፍ በከተማ ጨረታ ይመዘናል። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለውን ልዩነት የወለደው የማንም ላብ አይደለም፤ መስመሩ ነው።

ሁለተኛው መዋቅር ሲለወጥ ነው። አዲስ አበባ ከከፍተኛና ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከቀበሌም ወደ ወረዳ ተሸጋግራለች። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። ሁለት ቀበሌዎች አንድ ሲሆኑ ከሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ከነግቢው «ትርፍ» ይሆናል። ግቢው የሕፃናት መዋያ፣ የአረጋውያን ማረፊያ ወይም የእድር መሰብሰቢያ ሊሆን ይችል እንደ ነበር የሚጠይቅ ካልተገኘ፣ መልሱን የሚሰጠው ገንዘብ ያለው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይልቅ ጸጥተኛ ነው። እንበልና በሁለት ወረዳዎች መካከል ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ወሰኑ ሲነካ አንደኛው ወረዳ «ወደዚያኛው ሄዷል» ይላል፤ ሁለተኛው «ገና አልተረከብንም» ይላል። ሁለቱ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ሜዳው ባለቤት አልባ ይሆናል። ባለቤት አልባ የሆነ ቦታ ደግሞ ውሎ አድሮ በቆርቆሮ ሲታጠር ይታያል።

ይህ ምሳሌ ከእውነታው የራቀ አይደለም። የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጊዜ ገበሬው «መስመሩ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ሲል ተረዳው። በዚያው ዓመት ተቃውሞ ተነሣ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ከተማ የኳስ ሜዳና የደን መሬት ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል የተማሪዎች ተቃውሞ ፈነዳ፤ ወደ ብዙ ቦታዎችም ተዛመተ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተገለጸ፤ እስከዚያ ግን የብዙ ወገኖች ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ሕዝብ ያልመከረበት መስመር የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ከባድ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን፣ የግል ሀብት የሥርዓቱ ምሰሶ ከሆነባት ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በኔቫዳ ግዛት ከመሬቱ 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራሉ መንግሥት ይዞታ ነው። ላስ ቬጋስ እየሰፋች ስትሄድ በዙሪያዋ ያለው የመንግሥት መሬት እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ሕግ ወጣ። ሕጉ የሽያጭ ወሰን አሰመረ፤ በወሰኑ ውስጥ ያለው መሬት ሊሸጥ ይችላል፣ ከወሰኑ ውጭ ያለው በዚህ ሕግ አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 ወሰኑ ይበልጥ እንዲሰፋ ሲፈለግ ሌላ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። ገንዘቡም የት እንደሚገባ አስቀድሞ ተጻፈ፤ 5 በመቶው ለግዛቱ ትምህርት፣ 10 በመቶው ለውኃ አቅርቦት፣ 85 በመቶው ለመናፈሻና ለተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ለመሳሰሉት ሥራዎች በተከፈተ ልዩ ሒሳብ ገቢ እንዲሆን ተወሰነ።

ይህን የምንጠቅሰው ሥርዓቱን ለማሞገስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤት ገበያው ሲንኮታኮት ላስ ቬጋስ ክፉኛ ከተጎዱት የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ቤታቸውን በባንክ የተነጠቁት ሠራተኞች የጨረታው ገቢ አልታደጋቸውም። ሆኖም መሬት እንደ ሸቀጥ በሚታይበት አገር እንኳ መስመሩ በአደባባይ ወጥቶ በሕግ ከተሰመረ፣ መሬቱ የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው በሚባልበት አገር ከዚህ ያነሰ ግልጽነት ሊፈቀድ የሚችልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲመክርበት ደንግጓል። ምክክሩ የይስሙላ እንዳይሆን የእድር ዳኛው፣ የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር አባሉና የፋብሪካው ሠራተኛ አራት ጥያቄዎችን ይዘው ይገኙ። አዲሱን መስመር ማን አሰመረው፤ ካርታውስ የት ተለጥፏል? ትርፍ የተባለው ቦታ እስከ ዛሬ ለማን ያገለግል ነበር? በለውጡ የሚፈናቀለው ማን ነው፤ በየትኛው ሚዛንስ ይካሳል? ከሊዙ የሚገኘው ገንዘብ ለየትኛው ትምህርት ቤት፣ ለየትኛው የውኃ መስመር ይውላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያልተገኘለት ቦታ ትርፍ ነው ሊባል አይገባውም።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የሕዝብ መሬት ባለቤት ሕዝብ ነው። እርሱ የሚናቀው ደግሞ መስመሩ በሚሰመርበት ስብሰባ ላይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው።