ቦሪክ አሲድ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ከመተማ ማዶ እስከ ገዳሪፍ ያለው ቆላ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ሙቀቱ ለሰብሉ እንደሚስማማ ሁሉ ለበረሮና ለምስጥም ይስማማል። ስለዚህ በዚያ የምትኖር የቤት እመቤት የቦሪክ አሲድን ጠባይ ብታውቅ ይጠቅማታል።

ቦሪክ አሲድ ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። ዊልሄልም ሆምበርግ የተባለ ሊቅ በ1702 እ.ኤ.አ. ቦራክስ ከሚባለው ጨው አወጣው። 100 ግራም ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 5 ግራም ያህል ብቻ ያሟሟል፤ ሲፈላ ግን ከ25 ግራም በላይ ያሟሟል። አሲድነቱም እጅግ ደካማ ነው።

ዱቄቱ በበረሮ እግርና አካል ላይ ይጣበቃል፤ በረሮው ራሱን በአፉ ሲያጸዳ ይውጠውና ከጥቂት ቀኖች በኋላ ይሞታል። ስለዚህ በግድግዳ ስንጥቅና ከሣጥን በስተኋላ በስሱ መነስነስ ይገባዋል፤ ከተከመረ በረሮው ይሸሸዋል። ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ኃይሉ ይቆያል፤ የክረምት እርጥበት ካገኘው ግን ይጓጉላል። በውኃ ሟሙቶ የተቀባ እንጨትንም ከምስጥ ይጠብቃል። ሆኖም ዝናብ ስለሚያጥበው፣ መሬት ውስጥ ለሚተከል የጎጆ ምሰሶ አይረባም።

አሲድነቱ ደካማ ነው ማለት መርዝ አይደለም ማለት አይደለም። ቀድሞ ሐኪሞች ለዓይንና ለቁስል ያዙት ነበር፤ ነገር ግን በቆሰለ ቆዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ ሕፃናት ሞተውበታል። ዛሬ በአንዳንድ የዓይን ጠብታ ውስጥ በጥቂቱ ተመጥኖ ይገኛል፤ በቤት የተበጠበጠውን ግን ለዓይንም ሆነ ለሕፃን ገላ ማድረግ አይገባም።

ከሁሉ የሚያሠጋው ጨው፣ ስኳርና የወተት ዱቄት መምሰሉ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ፤ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ መጡ። ቤተ ሰብ በአንዲት ጠባብ መጠለያ ሲያበስልና ሲተኛ መድኃኒቱና እህሉ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንግዲህ ቦሪክ አሲድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሆኖ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ ይቀመጥ፤ ከእህልም ጋራ ከቶ አይደባለቅ። ልጅ የዋጠው እንደ ሆነ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፤ ሐኪሙ የዋጠውን ነገር እንዲያውቅ ቆርቆሮውን ይዘው ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።