ሩም እና ሮማ፤ አንድ መንግሥት በሁለት ስም

መድረሳ ገብቶ የሚቀራ ልጅ 30ኛዋ የቁርኣን ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ሩም» የሚል ስም ያገኛል። ያው ልጅ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ የታሪክ መምህሩ ስለ «ሮማ» ያስተምረዋል። ሁለቱ ስሞች የአንድ መንግሥት መጠሪያ መሆናቸውን ሳይገነዘብ ሁለቱንም ትምህርት የሚጨርስ ተማሪ ብዙ ነው። አንዱን ለዲን፣ ሌላውን ለፈተና ብሎ ለየብቻ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ተለያይቶ የተቀመጠ ዕውቀት ደግሞ አንዱ ለሌላው ብርሃን አይሆንም።

ውድ አንባብያን! ይህ መንግሥት እንዴት ተነሣ? እነማን ገዙት? ምን አዳከመው? ከእርሱስ ምን ተረፈ? ቀጥለን እንመልከት። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከመንደር ወደ ዓለም ገዥነት

ሮማ በጣሊያን ምድር በቲቤር ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በልማድ የምሥረታዋ ዓመት ተብሎ የሚጠቀሰው 753 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በነገሥታት ስትገዛ ቆይታ በ509 ከልደት በፊት ንጉሧን አባርራ ሪፐብሊክ እንደሆነች ይነገራል። ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እንዳይከማች በየዓመቱ ሁለት ቆንስሎች ይመረጡ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ውሳኔ ማገድ ይችላል። ከ450 ከልደት በፊት ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሕጉ በ12 ሰሌዳዎች ተጽፎ በአደባባይ ቆመ። ከዚያ በፊት ሕጉን የሚያውቁትና የሚተረጉሙት መኳንንቱ ብቻ ስለነበሩ ለተራው ሰው ትልቅ ድል ነበር።

በ146 ከልደት በፊት ሮማ ዛሬ ቱኒዚያ በሚባለው አገር የነበረችውን ባላንጣዋን ካርታጎን ደመሰሰች። ድሉ ወርቅና ባሪያ በገፍ አመጣ። ይሁን እንጂ በዘመቻ ላይ የከረመው ገበሬ ሲመለስ መሬቱ በባለጸጎች እጅ ገብቶ፣ በባሪያዎች ጉልበት ሲታረስ አገኘው። መሬት ያጣው ወታደርም ተስፋውን በመንግሥቱ ላይ ሳይሆን በጦር አዛዡ ላይ ጣለ። የጦር አዛዦቹ እርስ በርስ ተፋጁ። ዩልዮስ ቄሳር በ44 ከልደት በፊት በሴኔቱ አባላት ተገደለ። ወራሹ ኦክታቪያን አንጦንዮስንና የግብፅን ንግሥት ክሊዮፓትራን በ31 ድል አድርጎ፣ በ27 ከልደት በፊት «አውግስጦስ» ተባለ። የሪፐብሊኩ ስም ቀረ እንጂ ነገሩ አበቃ።

በነገራችን ላይ፣ በየአራት ዓመቱ የምንቆጥራት ጳጉሜን 6 ከዚህ ሰው ዘመን ጋር የተያያዘች ናት። በጥንቱ የግብፅ ዘመን አቆጣጠር ላይ ይህች ቀን በቋሚነት የተጨመረችው በአውግስጦስ አገዛዝ ሲሆን፣ የእኛም አቆጣጠር ከዚያው የግብፅ ሥርዓት የተወሰደ ነው።

መልካም ገዥዎችና ግፈኞች

ከ96 እስከ 180 የነገሡት አምስት ገዥዎች በታሪክ «ደጋጎቹ» ይባላሉ። ከእነሱ አንዱ በሆነው በትራያን ዘመን (98–117) ግዛቱ ከብሪታንያ እስከ ኢራቅ ምድር ተዘረጋ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ዙፋኑን የሚወርስ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ብቁ ሰው መርጠው እንደ ልጅ በመቀበል ያወርሱ ነበር። አምስተኛው፣ ፈላስፋው ማርቆስ አውሬልዮስ፣ ለልጁ ለኮሞዶስ አወረሰ። ኮሞዶስም የመንግሥትን ሥራ ትቶ በትርዒት ሜዳ ላይ ሲፋለም ኖረ፤ በ192 ተገደለ።

በማግሥቱ ዓመት የሆነው ነገር ለማመን ያስቸግራል። የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች አዲሱን ንጉሥ ገድለው ዙፋኑን በጨረታ ሸጡት! ጨረታውን ያሸነፈው ዲድዮስ ዩልያኖስ የነገሠው 66 ቀን ብቻ ነው። ከእርሱ በኋላ ሥልጣኑን የያዘው ሴፕቲምዮስ ሴቬሮስ የተወለደው በአፍሪካ፣ በዛሬዋ ሊቢያ በሌፕቲስ ማግና ከተማ ነበር። ሮማ 1000ኛ ዓመቷን በ248 ስታከብር ደግሞ ዙፋኑ ላይ የነበረው የዛሬዋ ሶርያ ተወላጅ፣ «ዐረቡ ፊሊጶስ» በመባል የሚታወቀው ንጉሥ ነው። የሮማን ታሪክ የአውሮፓውያን ብቻ አድርገው የሚያስቡ ወጣቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ከውጭ ያማረ፣ ከውስጥ የታመመ

የሮማውያን ብልሃት የሚያስደንቅ ነው። ወደ ዋና ከተማቸው 11 የውኃ መስመሮች ከሩቅ ምንጮች ይገቡ ነበር። ፓንተዮን የተባለው ሕንጻ 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ያለ ብረት በኮንክሪት ተሠርቶ ከ1,800 ዓመታት በላይ ቆሟል።

ግን የዚህ ሁሉ ዋጋ በማን ጫንቃ ላይ ነበር? በ73 ከልደት በፊት በስፓርታከስ መሪነት ያመፁት ባሪያዎች በ71 ሲሸነፉ፣ 6,000 የሚሆኑት በአፕያ መንገድ ዳር ተሰቀሉ። በ80 ዓ.ም. የተመረቀው ኮሎሲየም የሰው ልጅ ሲታረድ ሕዝብ የሚዝናናበት ስፍራ ነበር። መንግሥቱ ለከተማው ሕዝብ ስንዴ በነጻ እያደለ፣ ደም የሚፈስበትን ትርዒት እያሳየ ዝም ያሰኘው ነበር።

ከ235 እስከ 284 ባሉት 50 ዓመታት ውስጥ ከ20 በላይ ንጉሦች ተፈራረቁ፤ አብዛኞቹም በገዛ ወታደሮቻቸው ተገደሉ። ለወታደር ደመወዝ ሲባል የብር ገንዘቡ መዳብ እየተቀላቀለበት ሄዶ፣ ከ260ዎቹ በኋላ በውስጡ የቀረው ብር ከመቶ 5 እጅ በታች ሆነ። ሚዛኑን ያጎደለ መንግሥት ገበያው እንዴት ይቃናለት?

«ወደቀች» የተባለችው ሮማ

ቆስጠንጢኖስ በ330 አዲስ ዋና ከተማ፣ ቁስጥንጥንያን (የዛሬዋን ኢስታንቡል)፣ መረቀ። በ395 ግዛቱ ለሁለት ተከፈለ። የምዕራቡ የመጨረሻ ንጉሥ በ476 ከሥልጣን ወረደ። የታሪክ መጻሕፍት «ሮማ ወደቀች» የሚሉት ይህን ነው። ምሥራቁ ግን 1,000 ዓመት ገደማ ቀጠለ። «ቢዛንታይን» የሚለው መጠሪያ የወጣለት በኋላ ዘመን ነው፤ ሕዝቡ ራሱን «ሮማውያን» ይል ነበር፤ ዐረቦቹም «ሩም» ይሉታል። እነሆ መድረሳውና ትምህርት ቤቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው!

በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ከሩም ነጠቁ። ጣዖት አምላኪዎቹ ፋርሶች ናቸው ለሚሏቸው ወገን በመደሰት የመካ ሙሽሪኮች ፈነጠዙ፤ ሙስሊሞች ደግሞ የመጽሐፉ ባለቤቶች በመሸነፋቸው አዘኑ። ሰሓቦች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትም በዚሁ ጦርነት መካከል፣ በ615 ገደማ ነበር። ሱረቱ-ሩም ድል የተነሡት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድል እንደሚያደርጉ ተናገረች። በዚያን ሰዓት ይህን የሚገምት አልነበረም፤ ፋርሶች ግብፅን ሳይቀር ያዙ። ሆኖም ንጉሥ ሕርቃል (ሄራክልዮስ) በ622 ዘመቻ ጀመረ፤ በ627 መጨረሻ በነነዌ አቅራቢያ አሸነፈ፤ በ628 የፋርሱ ንጉሥ ኹስረው በገዛ ሰዎቹ ተገለበጠ።

የተረፈው ቅርስ

በ636 በየርሙክ ጦርነት ሩም ሶርያን ለሙስሊሞች ለቀቀ። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ያገኙትን ሁሉ አላፈረሱም። በደማስቆ የመንግሥት መዝገብ ለብዙ ዓመታት በግሪክኛ ይጻፍ ነበር። «ዲናር» የሚለው ስም የመጣው ከሮማውያን «ዴናርዮስ» ነው። ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ በ77 ዓመተ ሂጅራ ዲናሩን የነገሥታት ምስል የሌለበት፣ የአላህ አንድነት የተጻፈበት አድርጎ አሳተመው። መዝገቡንም ወደ ዐረብኛ አዞረው። የሚጠቅመውን መያዝ፣ ከእምነት ጋር የሚጋጨውን መለወጥ ማለት ይህ ነው። ንጉሥ ዩስቲንያኖስ በ529–534 ያሰባሰበው የሮማ ሕግ ደግሞ ለአብዛኛው የአውሮፓ አገሮች ፍትሐ ብሔር መሠረት ሆኗል።

ቁስጥንጥንያ በ1453 በሱልጣን ሙሐመድ አል-ፋቲሕ እጅ ገባች። ድል አድራጊው ሱልጣንም «የሩም ቄሳር» የሚለውን ማዕረግ ጨመረ። ስሙ ይህን ያህል ክብደት ነበረው።

ሱረቱ-ሩም ሌላም ጥሪ አላት፤ ምድርን ያረሱ፣ ከተማ የገነቡ፣ በኃይል የላቁ ቀደምት ሕዝቦች ፍጻሜያቸው ምን እንደሆነ ሂዱና ተመልከቱ ትላለች። ይህን ጥሪ ለመፈጸም ታሪክ ማንበብ ግድ ነው። እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ይህችን ሱራ ሲቀራ የታሪክ መጽሐፉንና ካርታውን አጠገቡ አስቀምጡለት። ደማስቆን፣ ቁስጥንጥንያን፣ ሮማን በጣቱ ይፈልግ። የሚቀራው ነገር በየትኛው ምድር ላይ እንደተፈጸመ ያወቀ ልጅ በቀላሉ አይረሳውም።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። አሚን።