ባሕር ማዶ ካሉ ወገኖች ጋር በስልክ መሰብሰብ

ሰው ብቻውን የማይወጣውን ሥራ ተሰብስቦ ይወጣዋል። ደቦው፣ ወንፈሉ፣ ዕድሩና ዕቁቡ ሁሉ ከዚህ የመነጩ ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? ቀድሞ ግን ለመሰብሰብ አንድ ዋርካ ሥር መገናኘት ግድ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነዋል። አንዷ ቤይሩት ናት። አንዱ ሪያድ ነው። ሌላው ዋሽንግተን ነው። ታዲያ ከእነርሱ ጋር እንዴት እንመካከር?

በኢንተርኔት አማካይነት መሰብሰብ ይቻላል። ኢንተርኔት ማለት በዓለም ዙሪያ ያሉትን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚያገናኝ መረብ ነው። ድምፅን፣ ጽሑፍንና ምስልን ከአገር ወደ አገር ያደርሳል።

ነገር ግን መገናኘትና መሰብሰብ አንድ አይደሉም። በስልክ 50 ሰው ቢገናኝ፣ ከእነዚህም 3ቱ ብቻ ቢናገሩ፣ ግማሹ ቋንቋው ባይገባው፣ ሌላውም ሌሊት ሆኖበት ቢያንቀላፋ፣ ይህ ስብሰባ አይባልም። ስብሰባ የሚባለው ሁሉም ሰምቶ፣ ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም የወሰነበት ነው። ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ

ይህን የምንጽፈው ከሲኤምሲ ሠፈር ነው። ሲኤምሲ በአዲስ አበባ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከአንድ የጣሊያን የሕንፃ ሥራ ኩባንያ ነው። በሠፈሩ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ይኖራል። ወላጆቹ በገጠር፣ ልጆቹ ወይም ወንድሞቹ ባሕር ማዶ የሆኑበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ የሲኤምሲ ሰው በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ ነው።

ለምሳሌ እንዲህ እንበል። በወሎ፣ በባቲ አካባቢ አንድ የገጠር ቀበሌ አለ። ንጹሕ ውሃ የለውም። የቀበሌው ተወላጆች በሲኤምሲ አሉ። በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ፣ በዋሽንግተንና በሜልቦርንም አሉ። ገንዘብ አዋጥተው የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ አሰቡ። ጥያቄው ግን ብዙ ነው። ጉድጓዱ የት ይቆፈር? ቁልፉን ማን ይያዝ? ፓምፑ ሲሰበር በማን ገንዘብ ይጠገን?

ገንዘቡ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ውሃውን የሚጠጣው ግን ገበሬው ነው። ክረምት የት እንደሚተኛበት፣ በጋ የት እንደሚደርቅ የሚያውቀውም እርሱ ነው። ገበሬው ያልተናገረበት ስብሰባ ጉድጓዱን ከማይሆን ቦታ ያስቆፍር ይሆናል። ያን ጊዜ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ስብሰባው እንዴት ይዘጋጅ?

1ኛ. ሰዓቱን ማስማማት

ምድር እንደ እንዝርት በራሷ ላይ ትሾራለች። አንዱን ዙር በ24 ሰዓት ትጨርሳለች። ፀሐይ በአንድ ጊዜ የምታበራው ለግማሿ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሲመሽ አሜሪካ ገና እኩለ ቀን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አውስትራሊያ ደግሞ በዚያው ጊዜ ሊነጋ ይቃረባል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ፈረንጆች የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት በእነርሱ አነጋገር ጠዋት 7 ሰዓት ይባላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ነው። «ስብሰባው 2 ሰዓት ነው» ብለን ብንልክ፣ እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ በእነርሱ አቆጣጠር ያነበዋል። እኛ ስንጠብቀው እርሱ ይቀራል። ከዚያም «አልመጣም» ብለን እንቀየመዋለን። ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም።

ከዚህም በላይ አሜሪካኖችና አውሮፓውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። በአገራቸው ቀኑ በአንዳንዱ ወር በጣም ይረዝማል፣ በሌላው ወር በጣም ያጥራል። ስለዚህ በመጋቢት ግድም ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። በጥቅምት ወር ደግሞ ይመልሱታል። በእኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይበላለጥ አናዛውርም።

እንግዲህ በባቲና በሲኤምሲ እሁድ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን በሌላው አገር ስንት ይሆናል? በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ የሚከተለው ነው።

በሪያድ፦ ያው ማታ 2 ሰዓት።
በዱባይ፦ ማታ 3 ሰዓት።
በቤይሩት፦ እንደ ወራቱ ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት።
በዋሽንግተን፦ እንደ ወራቱ እሁድ ቀን 6 ወይም 7 ሰዓት።
በሜልቦርን፦ እንደ ወራቱ ለሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት።

እነሆ፣ ለሁሉ የሚመች ሰዓት የለም። የሜልቦርን ሰው ከእንቅልፉ መነሣት ሊኖርበት ነው። ታዲያ ሁልጊዜ እርሱ ብቻ ይነሣ? አይሆንም። ሸክም በተራ ነው። የሚቀጥለውን ስብሰባ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት እናድርገው። ያን ጊዜ በሜልቦርን ከቀትር በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት ይሆናል። በዋሽንግተን ግን ገና ቅዳሜ ነው፤ ሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ይሆናል። አሁን ደግሞ የዋሽንግተኑ ሰው ያምሻል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ማንም ሁልጊዜ አይጎዳም፤ ማንም ሁልጊዜ አይመቸውም።

ቀኑንም ማሰብ ይገባል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ዓርብ ቀትር ጁምዓ ነው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አለ። አጨዳና ውቂያ ሲሆን ገበሬው ፋታ የለውም። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የዕረፍት ቀን ካገኘች ብዙውን ጊዜ እሁድ ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው።

ቀኑም ከሁለቱ የዘመን አቆጣጠር ጋር ይጻፍ። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። ይህን ያልጻፈ ጥሪ ሰውን ያሳስታል።

2ኛ. ቋንቋውን ማስማማት

በባቲ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይሞክራል፤ ካልሆነም አስማሚ ይፈልጋል። ግመሉም እህሉም ይሸጣል። በስልክ ስብሰባም እንዲሁ ነው። በቀበሌው አማርኛ የሚናገርም አፋን ኦሮሞ የሚናገርም አለ። ዋሽንግተን የተወለደው ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ይቀለዋል።

ትልልቆቹም ጉባዔዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የ32 አፍሪካ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ፣ ዓረብኛ የሚናገሩ መሪዎች ነበሩ። ቋንቋቸው ስለተለያየ ሳይሰበሰቡ አልቀሩም። የአፍሪካ ኅብረትም በኮሮና በሽታ ምክንያት ኅዳር 26 ቀን 2013 ዓ.ም. የመሪዎቹን ልዩ ጉባዔ ያካሄደው በኢንተርኔት ነው። እንዲህ ባሉ ጉባዔዎች ተናጋሪው ሲናገር አስተርጓሚው እኩል ይተረጉማል። ሥራው አእምሮን ስለሚያደክም አስተርጓሚዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ። በግማሽ ሰዓት ግድም ይተካካሉ።

እኛ ያን ያህል መሣሪያ የለንም። የሚቻለን ዘዴ ግን አለ። ተናጋሪው ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ያቆማል። አስተርጓሚው ይተረጉማል። ከዚያ ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት 1 ሰዓት ይበቃው የነበረው ጉዳይ 2 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ለአንድ ስብሰባ 6 ጉዳይ ከመያዝ 2 ወይም 3 ጉዳይ መያዝ ይሻላል። አስተርጓሚም አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ሁለት ይሁኑና ይተካኩ። አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ አይጨምርም፤ የሰማውንም አይቀንስም።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ቶሎ ይገባዋል፤ ሳያፍርም ይናገራል።

3ኛ. ሁሉም እንዲናገር ማድረግ

ሰብሳቢው የመነጋገሪያውን ጉዳይ ከአንድ ሳምንት በፊት ይላክ። ለሚያነብ በጽሑፍ፣ ለማያነብ በድምፅ መልእክት ይሁን። ሰው አስቦበት ከመጣ ንግግሩ አጭርና ፍሬ ያለው ይሆናል።

በስብሰባው ቀን ሰብሳቢው የሁሉንም ስም ጽፎ ይያዝ። በተራ ይጥራ። ለእያንዳንዱ ሰው 3 ደቂቃ ይስጥ። በስልክ ዓይን ለዓይን መተያየት ስለሌለ፣ መናገር የሚፈልገውንና የማይፈልገውን መለየት ያስቸግራል። ድምፅም ከሩቅ አገር ዘግየት ብሎ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሰብሳቢው ከጠየቀ በኋላ ትንሽ ይታገሥ። ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም።

በአገራችን ልማድ በስብሰባ ላይ ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ። ውሃ የሚቀዳው ግን ማን ነው? እንስራ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው ማን ናት? ጉድጓዱ የት ይሁን ሲባል መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ መሆን አለባት። ሰብሳቢው «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቅ። ብዙ ገንዘብ ያዋጣ ሰውም ከሌላው የበለጠ ደቂቃ አይሰጠው። ገንዘቡ ለጉድጓዱ ነው እንጂ ለንግግሩ ዋጋ አይደለም።

4ኛ. መስመሩን ማዘጋጀት

በገጠር ዘመናዊ ስልክ የሌለው ብዙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ጥሩ ስልክ ከአንድ ቤት ይቀመጥና ድምፁ ላውድ ላይ ይደረግ። 15 ወይም 20 ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ይሰማል። የሚናገር ሰው ወደ ስልኩ ቀረብ ይበል። ሌላው ዝም ይበል። ሕፃን ካለቀሰ፣ ውሻ ከጮኸ፣ የስልኩን ማይክ ለጊዜው መዝጋት ነው።

ምስል ከድምፅ ይልቅ ብዙ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ለሰላምታ ያህል መተያየት ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ገንዘብ ያድናል፤ መስመሩም እምብዛም አይቆራረጥም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩ ቀድሞ ይሞላ። ኢንተርኔቱ እምቢ ካለም የሲኤምሲው ሰው በተራ ስልክ ወደ ቀበሌው ደውሎ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን በማስቀመጥ ድምፅ ሊያሻግር ይችላል። ከስብሰባው አንድ ቀን ቀድሞም ሙከራ ይደረግ።

5ኛ. ሳይቸኩሉ መወሰን

ድምፅ ሊሰጥ ሲል መስመር ቢቋረጥ ምን ይደረጋል? የቀሩት ሰዎች ብቻ ወስነው ቢጨርሱ ቅሬታ ይነሣል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ ሐሳቡ ይነገር፤ ድምፁ ግን 3 ቀን ክፍት ይሁን። መስመር የተቋረጠበት፣ ሥራ የያዘው፣ እንቅልፍ የጣለውም በ3 ቀን ውስጥ ሐሳቡን በድምፅ ወይም በጽሑፍ ይልካል።

ጸሐፊው ቃለ ጉባዔውን በአጭሩ ይጻፍ። ምን ተወሰነ? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ? ገንዘቡስ ስንት ነው? ቃለ ጉባዔው በስብሰባው ቋንቋዎች ሁሉ ተጽፎ ለሁሉም ይድረስ። በቀበሌውም ማንበብ የሚችል ሰው ለጎረቤቶቹ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። እዚህ ላይ ማንበብ የተማራችሁ ሁሉ ድርሻ አላችሁ። ቀድሞ የባሕር ማዶ ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢ ፍለጋ ይኬድ ነበር። አሁን የተወሰነውንና የተዋጣውን ገንዘብ ራሳችሁ አንብባችሁ መቆጣጠር ትችላላችሁ።

በጠቅላላው፣ ስልኩ ድምፅ ያደርሳል እንጂ ሰውን አያስማማም። የሚያስማማው የሰዓቱን ድካም በተራ መካፈል፣ በየቋንቋው መደማመጥና ዝም ያለውን መጠየቅ ነው። እንዲህ ተደርጎ የተቆፈረ ጉድጓድ ባለቤቱ ብዙ ነው። ባለቤት ያለው ጉድጓድ ደግሞ ሲሰበር የሚጠግነው አያጣም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእኛ አገር ማታ 2 ሰዓት ሲሆን በዱባይ ስንት ሰዓት ይሆናል?
2. የእኛና የፈረንጆች ሰዓት አቆጣጠር በስንት ይለያያል? ለምን?
3. በቀበሌያችሁ ለስብሰባ የማይመቹ ቀኖች የትኞቹ ናቸው?
4. በስብሰባ ላይ ዝም የሚሉት እነማን ናቸው? እንዲናገሩ ምን ቢደረግ ይሻላል?
5. ባሕር ማዶ ካለ ዘመዳችሁ ጋር ለምትሰበሰቡበት አንድ ጉዳይ የጥሪ ወረቀት ጻፉ። ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስገቡ።