«ዛሬም ታክሲ ጠፋ?»፦ የቢሮ ሰምና ወርቅ

የዓለም ባንክ ሰፈር ልጅ ሆኖ መሃል ከተማ የሚሠራ ሰው ይህቺን ጥያቄ አይስታትም፦ «ዛሬም ታክሲ ጠፋ?» ሰልፉ ረዝሞ፣ አየር ጤና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ትንሽ ካረፈዳችሁ አለቃችሁ ፈገግ ብሎ ይጠይቃችኋል። ጥያቄው ስለ ታክሲ ይመስላል። ስለ ታክሲ እንዳልሆነ ግን እሱም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

እኔ የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ደመወዝና ምርታማነት ብዙ ተምረናል፤ አለቃ ሲገላምጠን ምርታማነታችን ምን እንደሚሆን ግን ማንም አልነገረንም። ይህን ክፍተት የሞላልኝ ትራንዛክሽናል አናሊሲስ የሚባል የሥነ ልቦና ሐሳብ ነው። አባቱ በ1910 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል፣ ካናዳ የተወለደው የአእምሮ ሐኪም ኤሪክ በርን ነው። ስሙን የገነነው በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጌምስ ፒፕል ፕሌይ» ቢሆንም፣ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ድርጅቶችና ቡድኖች ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ ጽፏል።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን ውስጥ ሦስት «ሰዎች» አሉ፦ ወላጅ፣ አዋቂ እና ልጅ። (አዋቂ ስል ጠንቋይ ቤት እንዳትሄዱብኝ!) ወላጁ ከአሳዳጊዎቻችን የቀዳነው ነው፤ ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ይንከባከባል። ልጁ ይፈራል፣ ያኮርፋል፣ ይጫወታል፣ አዲስ ነገርም ይፈጥራል። አዋቂው ያለውን ነገር አይቶ ያሰላል። ዕድሜ አይወስነውም። የ55 ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሲያኮርፍ ልጅ ነው፤ የ23 ዓመት ጀማሪ አካውንታንት ቁጥሩን ዘርዝራ ስታስረዳው አዋቂ ናት።

«ሪፖርቱ መቼ ይደርሳል?» «ሐሙስ 8 ሰዓት።» ይህ አዋቂ ለአዋቂ ነው፤ ሥራው ይቀጥላል። «ሪፖርቱ መቼ ይደርሳል?» «ሁልጊዜ የምታዩት እኔን ብቻ ነው!» እዚህ ጋ መስመሩ ተጣረሰ። ስልኩ የተደወለው ለአዋቂው ነበር፣ ያነሳው ግን ልጁ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ለእኛ አዲስ አይደለም። በርን ድብቅ መልእክት ያዘለ የሚለውን እኛ ሰምና ወርቅ እንለዋለን። «ዛሬም ታክሲ ጠፋ?» ሰሙ የአዋቂ ጥያቄ፣ ወርቁ የወላጅ ቁጣ ነው።

በርን «ጨዋታ» ብሎ ከሰየማቸው ውስጥ አንዱን ደግሞ ስብሰባ ላይ ሁላችንም አይተነዋል፦ «ልክ ነህ፣ ግን…»። ሰብሳቢው ሐሳብ ይጠይቃል። አንዱ ሐሳብ ሲያመጣ «ጥሩ ነው፣ ግን በጀት የለም»፤ ሌላው ሲያመጣ «ልክ ነሽ፣ ግን ተሞክሯል»። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም ይላል፣ ሰብሳቢውም «ሐሳብ የሚሰጥ ሠራተኛ የለኝም» ብሎ ይወጣል።

ዝምታው ዋጋ አለው። አለቃ ወላጅ ሲሆን ሠራተኛው ልጅ ይሆናል። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር ምን ያደርጋል? ስባሪውን ይደብቃል። አንድ የሠራሁበት ድርጅት ውስጥ (ስሙ ይቆየን) መጋዘኑ ባዶ ሊሆን እንደሆነ ጥበቃው ሳይቀር ያውቅ ነበር። ያልሰማው አለቃው ብቻ ነው፤ መጥፎ ዜና ይዞ የገባ ሰው ተሰድቦ ይወጣ ነበራ! ደንበኞች መሄድ ሲጀምሩ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ እንደገና ተቆጣ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ መረጃው ታች አለ፣ ውሳኔው ላይ ነው፣ መሰላሉ ግን ተሰብሯል።

አገራችን ካይዘንን ከጃፓን ስታመጣና የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትን በ2004 ዓ.ም. ስታቋቁም ሐሳቡ ማሽኑ ሥር የሚውለው ሠራተኛ ችግሩን ይናገር፣ መፍትሔውንም ያምጣ የሚል ነበር። የሚፈራ ልጅ ግን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ቢሰቀልለትም አይጽፍም።

«ባህላችን ነው፣ አንቱታ እኮ አለ» የሚል አይጠፋም። እኔ አንቱታው ጥፋተኛ አይመስለኝም። «እርስዎ ያሉት ቀን አይደርስም፤ በዚህ ምክንያት» ማለት አክብሮት ያለው የአዋቂ ንግግር ነው። ፍርሃቱ ሌላ ሥር አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው አልሆነም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የቤት ኪራይ ያለበት ጀማሪ ቢፈራ ይፈረድበታል? ስለዚህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ጉልበት ያለው ወገን ነው። መጥፎ ዜና ያመጣን ሰው መጀመሪያ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ»፣ ቀጥሎ «ምን እናድርግ?» ማለት ገንዘብ አያስወጣም። «ጎሽ» ማለትም እንደዚሁ። በርን እንደሚለው ሰው እውቅና ይርበዋል፤ በበጎ ካላገኘው በክፉም ቢሆን ይፈልገዋል። ሲያጠፋ ብቻ የሚጠራ ሠራተኛ ምን እንደሚማር አስቡት።

እኛስ? ወርቁን ትተን ለሰሙ እንመልስ፦ «አዎ፣ 15 ደቂቃ አርፍጃለሁ፤ ማታ 15 ደቂቃ ቆይቼ እጨርሳለሁ።» ችግር ስንናገር ቁጥርና አማራጭ ይዘን እንግባ። ይህ ደመወዝ አይጨምርም፣ ተሳዳቢን አለቃም መልአክ አያደርግም። ስድቡ ካልቆመ ሲቪ ማስተካከልም የአዋቂ ሥራ ነው።

እስቲ ነገ ለአንድ ቀን ብቻ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፦ ቢሮ ውስጥ ከተጠራችሁት ስንቱን አዋቂያችሁ አነሳው? ስንቱንስ ልጁ?