የጋዴሞታ ባልጩት፦ የሚወረወር ጦር ነበር ወይስ ቢላ?

ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ መቂን አልፎ ባቱ ሲገባ ዓይኑን የሚስበው የዝዋይ ሐይቅ ነው። የተመራማሪዎችን ዓይን ሲስብ የኖረው ግን ከሐይቁ በስተ ምዕራብ የተዘረጋው፣ ጋዴሞታ የሚባለው ሸንተረር ነው። ሸንተረሩ የፈረሰ የጥንት እሳተ ገሞራ ጠርዝ ነው። በዚያና በአቅራቢያው ባለው ኩልኩሌቲ ከአፈር የወጡት ሹል የባልጩት ስለቶች ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘለቀ ክርክር አስነሥተዋል።

ክርክሩ ከየት ተነሣ?

አሜሪካዊው ፍሬድ ዌንዶርፍና ፖላንዳዊው ሮሙዋልድ ሺልድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦታውን ቆፈሩ። መጀመሪያ ያጨቃጨቀው ዕድሜው ነበር። እንዲህ ያለው የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያ ከጥቂት አሥር ሺሕ ዓመታት አይዘልም ብለው ያመኑ ብዙዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ልኬት ግን ወደ 180,000 ዓመት ጠቆመ፤ ለማመን ያዳገታቸው አልጠፉም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሊያ ሞርጋንና ፖል ሬን በተሻለ ዘዴ መልሰው ለኩት። የለኩት ባልጩቱን አይደለም፤ ከላዩ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ 276,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ በኋላም ስሌቱ ወደ 279,000 ከፍ አለ። ከአመዱ ሥር ያለው መሣሪያ እንግዲህ ከዚያ ይቀድማል። የዕድሜው ክርክር በዚህ ጋብ አለ።

አሁን የሚያከራክረው ምንድን ነው?

አገልግሎቱ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በሙዚየም የተቀመጠ የሜላኔዥያ (የፓስፊክ ደሴቶች) ፍላጻ ብዙውን ጊዜ የሸምበቆ ዘንጉ፣ የእንጨት ወይም የአጥንት ጫፉና ማሰሪያው አብረው አሉ፤ ከቀስት የሚወነጨፍ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም። የጋዴሞታው ግን ሶማያውም ማሰሪያውም በስብሶ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ድንጋይ ብቻውን ቢላም፣ በእጅ የሚወጋ ጦርም፣ የሚወረወር ጦርም ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ መልሱን ከስብራቱ ውስጥ ፈለጉ። ባልጩት እንደ መስታወት ነው፤ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በተጓዘበት ፊት ላይ የቀስት ራስ የመሰለ ጥቃቅን ጭረት ይተዋል። ስንጥቁ በፈጠነ መጠን የጭረቱ ማዕዘን ይጠባል። ቡድኑ ማዕዘኑን በአጉሊ መነጽር ለክቶ፣ አንዳንዶቹ ጫፎች የተሰበሩት በእጅ ከመውጋት በሚበልጥ ፍጥነት እንደሆነ ደመደመ፤ ማለትም ተወርውረዋል። ይህ ልክ ከሆነ፣ እስከዚያ ከታወቁት ባለ ድንጋይ ጫፍ ተወርዋሪ መሣሪያዎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ አላቸው። ካትያ ዱዝና አን ደላኝ ባጠኗቸው የጋዴሞታና የኩልኩሌቲ ስለቶች ላይ፣ ሠሪው ጫፉን በጎን እየመታ ሆን ብሎ የሚያነሣበት ስልት ታይቷል። መሣሪያው ሲጠረብ የወጣውን ስንጥር በዒላማ ላይ ከደረሰው ስብራት መለየት ደግሞ ቀላል አይደለም።

መልሱ ለምን ትልቅ ትርጉም አለው?

ጦር መወርወር አደገኛ አውሬን ከርቀት መግደል ነው። ድንጋዩን ከእንጨት ጋር ማጣበቅና ማሰር፣ ሚዛኑን መጠበቅ፣ ከሥራው በፊት ማቀድ ይጠይቃል። ባልጩቱን ማን እንደጠረበው ደግሞ የሚነግረን የሰው አጥንት ከጋዴሞታ አልወጣም። በአገራችን ከተገኙት የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ሁሉ የሚቀድመው የኦሞ ኪቢሹ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናት ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ተብሏል፤ ያንን ዕድሜ የመሰከረው አመድ የተነሣው እዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ ከሻላ እሳተ ገሞራ ነው። የጋዴሞታ ባልጩት ግን ከእርሱም ይቀድማል።

ዮናታን ከባልደረቦቹ ጋር በሐዲያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት መፋቂያ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ ባለሙያዎችን አጥንቷል። እዚያ ድንጋዩም፣ እጀታውም፣ የያዘው እጅም አብረው ይታያሉ፤ ስለቱ ምን እንደሠራ ባለቤቱን መጠየቅ ይቻላል። በጋዴሞታ የሚጠየቀው ስብራቱ ብቻ ነው፤ ክርክሩም ያልበረደው የዚያን ስብራት ቃል ሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ ስለማይሰማው ነው።