ባህረ ሰላጤው ዓሣውን እንዴት ይቆጥራል? ከገበያ ሚዛን እስከ ሳተላይት ምስል

በፈረንጆቹ 2005 በባህረ ሰላጤው ዳርቻ በተተከሉ ቋሚ የዓሣ ወጥመዶች ተያዘ ተብሎ በይፋ የተመዘገበው ዓሣ 5 ሺህ 260 ቶን ነበር። ቁጥሩን ለተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ያቀረቡት የአካባቢው ሀገራት ናቸው። ከዓመታት በኋላ ዳላል አል-አብዱልራዛቅ እና ዳንኤል ፓውሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የጉግል ኧርዝ የሳተላይት ምስሎችን እያጎሉ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። 1 ሺህ 900 ያህል አገኙ። እነዚህ ወጥመዶች በዓመት ሊይዙ የሚችሉትን ዓሣ ሲያሰሉም 31 ሺህ ቶን ገደማ ሆነ፤ በይፋ ከተነገረው ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

ወጥመዱ በአረብኛ ሐድራ ይባላል። አሠራሩ ቀላልና ጥንታዊ ነው። ባህሩ ሞልቶ ሲመለስ ደረቅ በሚሆነው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ እንጨት ወይም ሽቦ በቀስት ቅርጽ ይተከላል። ማዕበሉ ሲመጣ ዓሣው አብሮ ይገባል፤ ውሃው ሲሸሽ አጥሩን ተከትሎ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ባለቤቱ ከሰዓታት በኋላ በእግሩ ሄዶ ይሰበስባል። ቀድሞ አጥሩ ከተምር ዛፍ ዘንጎች ይሠራ ነበር። አንዱ ሐድራ ከሌላው ራቅ ብሎ የቆመ፣ የአንድ ቤተሰብ ንብረት የሆነ፣ ወደብም ደረሰኝም የማያውቅ በመሆኑ ከመዝጋቢ ዓይን ማምለጡ አያስገርምም። ከሰማይ ግን አያመልጥም።

ይህ ጥናት የወጣው የባህረ ሰላጤው ሀገራት ከሌላው ዓለም የባሱ ናቸው ለማለት አይደለም። ፓውሊና ባልደረባው ዲርክ ዜለር በ2016 ባሳተሙት ሌላ ሥራ የመላውን ዓለም ምዝገባ መርምረዋል። በ1996 ዓለም ከባህር ያወጣው ዓሣ በፋኦ መዝገብ 86 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ የእነሱ ስሌት 130 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። ልዩነቱ በአብዛኛው ማንም ካልመዘነው ዓሣ የመጣ ነው፦ ለቤት ቀለብ የተወሰደው፣ ለመዝናናት የተያዘው፣ ሞቶ ተመልሶ ወደ ባህር የተጣለው፣ በድብቅ የተሸጠው።

ታዲያ ማን ይመዝናል? ምንስ ይመዘናል?

በኤምሬትስም ሆነ በኦማን የምዝገባው ልብ ጀልባዎች ዓሣቸውን የሚያወርዱበት ቦታ ነው። መዝጋቢው ማለዳ ይደርሳል፤ ጀልባ ሲጠጋ ስንት ቀን ባህር ላይ እንደቆየ፣ በምን መሣሪያ እንዳሰገረ፣ ከየዓይነቱ ስንት ኪሎ እንደያዘ ይጠይቃል። ከዚያ ከተያዘው ጥቂቱን መርጦ ርዝመቱን ይለካል። የኪሎው ድምር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዘንድሮ 100 ቶን፣ አምናም 100 ቶን ከተያዘ ሁሉም ደህና ይመስላል። ነገር ግን አምና ያንን ለመያዝ 50 ጀልባ የበቃ ሲሆን ዘንድሮ 80 ካስፈለገ ባህሩ እየተራቆተ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከዓሣው እኩል ድካሙን መቁጠር አለባቸው፤ የቀኑን፣ የወጥመዱን፣ የመረቡን ብዛት። አስጋሪውን የሚያሰለቸውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ርዝመት የሚለካው ደግሞ ትንንሾቹ ብቻ መምጣት ከጀመሩ ትልልቆቹ አልቀዋል ማለት ስለሆነ ነው። ዕድሜን ለማወቅ ግን ርዝመት አይበቃም። በዓሣው ጭንቅላት ውስጥ፣ ጆሮው አካባቢ፣ ኦቶሊት የሚባል ጠጠር የሚያህል ድንጋይ አለ። በቀጭኑ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበቶች ይታዩበታል። ባለሙያው ቀለበቱን ቆጥሮ ይህ ዓሣ ስንት ዓመት እንደኖረ ይናገራል።

አሁን በሥራዬ ምክንያት ከሌሎች ይልቅ ትኩረቴን ወደሚስበው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ስሙ። መዝጋቢው የሚጽፈው ስም ነው፣ ስም ደግሞ በዚህ ባህር ላይ እንደ ማዕበሉ ይቀያየራል። ኦማንና ኤምሬትስ ከነዓድ የሚሉትን ዓሣ ኩዌትና ባህሬን ቸነዓድ ይሉታል፤ ወደ ቀይ ባህር ሲዘለቅ ዲራክ ይሆናል። ሃሙር ሲባል ደግሞ በገበያ ላይ አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ተቀራራቢ የሆኑ በርካታ ዓይነቶች በዚሁ ስም ይሸጣሉ። ኩዌት ውስጥ የሃሙር ግልገል ባሉል የሚል የራሱ ስም አለው። አንድ መዝጋቢ "ባሉል" ብሎ፣ ሌላው "ሃሙር" ብሎ ቢጽፍ፣ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ሰው ሁለት የተለያዩ ዓሦች ናቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሚገርመው የአረብኛ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ስጀምር ሃሙር የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያገኘሁት በኢኮኖሚ ዜና ውስጥ ነበር። "ሃዋሚር" ይላል ጋዜጣው፣ የአክሲዮን ገበያውን እንደፈለጉ የሚያዞሩትን ባለ ብዙ ገንዘቦች ሲጠራ። ሃሙር ትልቅ አፍ ያለው፣ በድንጋይ ሥር አድፍጦ ያለፈውን ሁሉ የሚውጥ ዓሣ መሆኑን ላወቀ ቅጽሉ ግልጽ ነው።

በዚህ ላይ ቋንቋ አለ። በጀልባዎቹ ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡ ናቸው። መዝጋቢው በአረብኛ ይጠይቃል፣ አስጋሪው በሚያውቃት ጥቂት አረብኛ ይመልሳል፣ መሃል ላይ ጨረታውን የሚመራው ደላል (ቃሉ የኛው ደላላ ነው) ይቸኩላል። በሙቀቱ ዓሣው እየጠበቀ አይቆይም። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ የሚሞላ ቅጽ ነው በኋላ "ብሔራዊ ስታቲስቲክስ" የሚባለው።

ሃሙር የባህረ ሰላጤው ተወዳጅ ዓሣ ስለሆነ በእሱ ላይ የሚሠራ ስህተት ዋጋው ከባድ ነው። በተፈጥሮውም ለስህተት የተጋለጠ ነው። ሃሙር በአብዛኛው ሴት ሆኖ ያድጋል፤ በዕድሜና በመጠን ሲገፋ ወደ ወንድነት ይለወጣል። ገበያው ትልልቁን ሲመርጥ ሳያውቀው ወንዶቹን እየለቀመ ነው። ክብደቱን ብቻ የሚመዘግብ ቅጽ ይህን በጭራሽ አያሳይም፤ ርዝመቱንና ዕድሜውን የሚመዘግብ ግን ያሳያል።

የአቡዳቢ የአካባቢ ኤጀንሲ ሲያወጣ የነበረው አኃዝም ይህንኑ ነበር የሚያመለክተው። ማንም ባያሰግር ኖሮ ሊኖር ይችል ከነበረው ለመራባት የደረሰ ዓሣ ጋር ሲነጻጸር የቀረው ሃሙር 12 በመቶ፣ ሸዓሪ 13 በመቶ፣ ፈርሽ ደግሞ 7 በመቶ ብቻ እንደሆነ ኤጀንሲው አስታውቋል። እንደ ኤጀንሲው መለኪያ ከ30 በመቶ በታች መውረድ አደጋ ነው። በ2016 በኤምሬትስ የባህረ ሰላጤ ውሃ ላይ በመርከብ የተካሄደው የዓሣ ሀብት ቅኝትም እነዚህ ዋና ዋና ዓይነቶች ከመጠን በላይ መሰገራቸውን አረጋግጧል።

ከዚያ የመጣው እርምጃ ብዙዎችን ነክቷል። በ2019 አቡዳቢ ገርጉር የተባለውን ወጥመድ ከለከለች። ገርጉር ከሽቦ የተጠለፈ፣ ጉልላት መሰል ቅርጫት ነው፤ ዓሣው ይገባል፣ መውጫው ግን ይጠፋዋል። ገመዱ ተበጥሶ ባህር ወለል ላይ የቀረ ገርጉር ባለቤት ባይኖረውም ማጥመዱን አያቆምም፤ የገባው ይሞታል፣ የሞተው ሌላውን ይስባል። ክልከላው ለባህሩ የሚጠቅም ስለመሆኑ ብዙ ክርክር የለም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ገርጉር ሲጥል ለኖረ አስጋሪ፣ እንዲሁም ደመወዙ ከተያዘው ዓሣ በሚደርሰው ድርሻ ለሚሰላ ሠራተኛ፣ ያ ውሳኔ የተወሰነው እሱ ራሱ በየማለዳው በሰጠው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው።

የመረጃ አሰባሰቡ ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ይመስለኛል። የሚጠየቀው ሰው መልሱ በራሱ ላይ እንደሚመለስ ያውቃል። ብዙ ያዝኩ ካለ "ከመጠን በላይ እያሰገርክ ነው" ሊባል ይችላል፤ ጥቂት ያዝኩ ካለ "ዓሣው አልቋልና ይዘጋ" ሊባል ይችላል። የት እንዳሰገረ ቢናገር ደግሞ ኖኸዛው፣ ማለትም የጀልባው አለቃ፣ ከአባቱ የወረሰውን ምስጢራዊ ቦታ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ቅጣት የበዛበት ምዝገባ ውሸት ያመርታል። አስጋሪው የሰጠው ቁጥር ወዴት እንደሄደ፣ ምን እንዳሳየ፣ በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ቢነገረው ግን ነገሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሳተላይት ሳይሆን ቤንጋሊና ማላያላም የሚችል አንድ ሰው ነው።

ኤጀንሲው በቅርብ ዓመታት ያወጣው ዜና አስደሳች ነው። የዘላቂ ዓሣ ማስገር መለኪያው በ2018 ከነበረበት 8.9 በመቶ በ2024 ወደ 97.4 በመቶ ከፍ ማለቱን ገልጿል። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ግን መለኪያው ምን እንደሚለካ ማወቅ አለበት። የሚለካው ከተያዘው ጠቅላላ ዓሣ ውስጥ በአግባቡ ከሚሰገሩ ዓይነቶች የመጣው ስንት እጅ እንደሆነ ነው። የተጎዱትን ዓይነቶች መያዝ ሲከለከል ይህ ድርሻ ወዲያው ከፍ ይላል። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ስለመወሰዱ ማስረጃ ነው፤ ሃሙር ተመልሶ ባህሩን ሞልቶታል ማለት ግን አይደለም። ከ10 ዓመት በላይ የሚኖር፣ ዘግይቶ ወንድ የሚሆን ዓሣ በአምስት ስድስት ዓመት አያገግምም።

ቁጥርን በተሳሳተ መንገድ ማንበብ ምን እንደሚያስከትል የሚጠራጠር ካለ ካናዳን ይመልከት። በኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ሲሰገር ትልልቆቹ መርከቦች እስከ መጨረሻው ድረስ በደንብ ይይዙ ነበር። ምክንያቱም ዓሣው እያነሰ ሲሄድ በቀሩት ጥቂት ቦታዎች ተጠጋግቶ ይሰበሰባል፣ መርከቦቹም የት እንደሚያገኙት በመሣሪያ ያውቃሉ። ከመርከቦቹ የሚመጣው መረጃ "አለ" ሲል ባህሩ ግን ባዶ እየሆነ ነበር። በሐምሌ 1992 መንግሥት ማስገሩን ሲዘጋ 30 ሺህ ያህል ሰዎች ሥራ አጡ።

ለኛም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ጣና ሐይቅ ላይ አስጋሪውም ገበያተኛውም በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚላቸው ከ15 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። በሐይቁ ምዝገባ ላይ ሁሉም በአንድ መስመር ተጠቃለው ይጻፋሉ፤ ከጎናቸው ቆሮሶ እና አምባዛ። በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተወሰዱ ናሙናዎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ነጭ ዓሣው በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል። ከእነዚያ ዓይነቶች የትኛው ቀድሞ እንደተመናመነ በገበያ መዝገብ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ በመዝገቡ ላይ ያለው አንድ ስም ብቻ ነውና። ኢትዮጵያ በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥታለች። አዋጁን በሐይቁ ላይ ሥራ ላይ ማዋል ግን ከወንዙ አፍ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል።

እዚህ ባህረ ሰላጤው ውስጥ ሆኖ ለራሱም ሆነ ለአሠሪዎቹ ዓሣ የሚገዛ አንባቢ የዚህ ሁሉ ቆጠራ ውጤት ገበያው ላይ ያገኘዋል። በኤምሬትስ ሸዓሪና ሳፊ በመራቢያ ወቅታቸው፣ ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 30፣ እንዳይሰገሩና እንዳይሸጡ ሲከለከል ቆይቷል። ከ45 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሃሙር መያዝ ክልክል ነው። በኦማን ከነዓድ ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 15፣ በኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 9 እስከ ጥቅምት 5 ገደማ፣ አይሰገርም፤ ከ65 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውም በማንኛውም ጊዜ ወደ ባህር መመለስ አለበት። በክልከላው ወራት አንድ ሻጭ "የዛሬ ጠዋት ከነዓድ ነው" ብሎ ሲጠራ ከየት እንደመጣ ይጠይቁት። ሃሙር ከሆነም በክንድዎ ይለኩት፤ የአዋቂ ሰው ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።