ስለ ባሕር ጠረፍ ረግረግና ስለ ጐብኚው

ረግረግ መሬት በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ጭቃን፥ የወባ ትንኝንና ከንቱ የቀረ ቦታን ነው። እኛ የግብርና ሠራተኞችም ብንሆን ረግረጉን አድርቆ ማረስን ለብዙ ዘመን እንደ ትልቅ ሙያ ስንቈጥረው ኖረናል። ነገር ግን የባሕር ጠረፍ ረግረግ ከደጋው ረግረግ የተለየ ጠባይ አለው፤ ይህንንም ከመስማት ይልቅ በእግር ሄዶ በዐይን ማየት ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬ ለአንባብያን የምንገልጸው በኬንያ አገር፥ ከሞምባሳ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጋዚ ወሽመጥ ስለ ተተካው የማንግሮቭ ዱር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማንግሮቭ የጨው ውሃን ችሎ በባሕር ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። በኬንያ ጠረፍ 9 ዐይነት ሲገኝ፥ የአገሩ ሰዎች በስዋሂሊ ቋንቋ «ምኮኮ» ይሉታል። በ1970ዎቹ ዓመታት ለኢንዱስትሪ ማገዶ ተብሎ በጋዚ ብዙ ዛፍ ተጨፈጨፈ። ዛፉ ሲጠፋ የሸርጣኑና የዓሣው ጫጩት መጠጊያ ዐብሮ ጠፋ፤ ጭቃውንም አጥብቆ የሚይዝ ሥር ስለሌለ ማዕበሉ ይጠርገው ጀመር። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ግን የባሕር ምርምር ሠራተኞችና የመንደሩ ሰዎች ተባብረው ችግኝ ተከሉ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ «ሚኮኮ ፓሞጃ» የተባለው የመንደሩ ሥራ ተቋቋመ፤ ትርጓሜውም «ማንግሮቭ በኅብረት» ማለት ነው። 117 ሄክታር ዱር ይጠብቃል። ዛፉና አየር የማያገኘው ጭቃ ካርቦንን ይዘው ስለሚያቈዩ፥ መንደሩ ይህን ጥቅም ለውጭ ገዦች እየሸጠ ገንዘቡን ለመጠጥ ውሃና ለትምህርት ቤት ያውለዋል።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው በጭቃው ላይ እንዳሻው አይራመድም። የመንደሩ ሴቶች በማኅበር ሆነው የሚያስተዳድሩት የእንጨት መተላለፊያ በዱሩ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ከጐብኚ የሚገኘውም ገቢ ለማኅበራቸው ነው። መተላለፊያው የተሠራው ለእግር ምቾት ብቻ አይደለም። ከጭቃው ላይ እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የቆሙት ቀጫጭን ነገሮች የዛፉ መተንፈሻ ሥሮች ናቸው፤ ጭቃው አየር ስለሌለው ዛፉ የሚተነፍሰው በእነርሱ ነው። እነዚህን የረገጠ ሰው የዛፉን አፍንጫ እንደ ደፈነ ይቈጠራል።

ጐብኚው ከሁሉ አስቀድሞ የባሕሩን ሰዓት ይጠይቅ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጐድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል። ስለዚህ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሆንም። ውሃው ሲጐድል ሸርጣኖችና ሥሮቹ ይታያሉ፤ ወፎቹም ለመመገብ በጭቃው ላይ ይበተናሉ። ውሃው መሙላት ሲጀምር ግን ወፎቹ ወደ ዳር እየተገፉ ስለሚመጡ ከቅርብ ለማየት ይመቻል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር መያዝ፥ ደማቅ ልብስ አለመልበስና ዝም ብሎ መቆም ይገባል።

ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ወፎች በዚህ ጠረፍ ይከርማሉ፤ ከሳይቤርያ ዳርቻ ድረስ የሚመጡም አሉ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ሊያስደንቀን የሚገባው ግን ሸርጣን በል የሆነው ነጭና ጥቁር ወፍ ነው። ይህ ወፍ በኬንያ ጠረፍ ይከርማል እንጂ አይፈለፍልም፤ ጐጆውን በአሸዋ ውስጥ ቈፍሮ የሚፈለፍለው በቀይ ባሕር የኤርትራ ደሴቶች ጭምር ነው። እንግዲህ አንዱ አገር ረግረጉን ቢያጠፋ የሌላው አገር ወፍ መክረሚያ ያጣል።

ዛፉን መልሶ ስለ መትከል ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ማንግሮቭ ሁሉ በአንድ ስፍራ አይበቅልም፤ አንዱ ዐይነት ውሃ ዘወትር የሚደርስበትን ዝቅተኛ ቦታ፥ ሌላው አልፎ አልፎ የሚደርስበትን ከፍተኛ ቦታ ይወዳል። ይህን ሳይለዩ ብዙ ችግኝ የተከሉ ሰዎች ድካማቸው በማዕበል ተወስዷል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው። በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ የሠሩት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶም ማንግሮቩ የዝናብ ጐርፍ ወደ ባሕር በሚወርድበት ስፍራ ብቻ መብቀሉን ተመለከቱ። ምክንያቱ ጣፋጩ ውሃ ሳይሆን ጐርፉ የሚያመጣው ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና ብረት መሆኑን ተረድተው፥ ማዳበሪያ በላስቲክ ከረጢት አድርገው፥ ከረጢቱን በስተው ከችግኙ አጠገብ በመቅበር ባዶ በነበረው ጠረፍ ዱር አበቀሉ። ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ።

በመጨረሻ ለገበሬው አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የማንግሮቭ ረግረግ ደርቆ ቢታረስ መልካም እርሻ ይሆናል ብሎ ማሰብ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። በጭቃው ውስጥ ያለው የብረትና የድኝ ውሁድ አየር ባገኘ ጊዜ ወደ አሲድ ይለወጥና አፈሩን ያኮመጥጠዋል፤ እህሉም ይቀጭጫል። ዱሩን ያጠፋ ሰው ዓሣውን አጥቶ እርሻም ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ዕድል ያጋጠመው ሰው ሄዶ ይመልከት፤ ከመተላለፊያው ሳይወርድ፥ ቅርንጫፍ ሳይሰብር፥ ወፎቹን ሳያስደነግጥ ይመለስ፤ ያየውንም ለጐረቤቱ ይንገር።